ጥያቄና መልስ፦ የጡት ምርመራዬ አልቋል ወይስ ገና ነው?

ስለ ጡት ምርመራ ጥያቄ ያላችሁ እንድትጽፉልን በጋበዝነው መሠረት ከአገር ውስጥም ከውጭም ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎችን የሚመለከቱ አምስት ጥያቄዎችን መርጠን፣ የጸሐፊዎቹን ስም ሳንጠቅስ፣ በጡት ክሊኒክ ለሚሠሩ የቀዶ ሕክምና ሐኪም አቅርበናል። ደብዳቤዎቹ አጥረው ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ የ46 ዓመት መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በግራ ጡቴ ላይ፣ ወደ ብብቴ ጠጋ ብሎ፣ ሽምብራ የሚያክል ጠጣር ነገር ዳሰስኩና አዲስ አበባ ሄጄ ማሞግራፊና አልትራሳውንድ ተነሣሁ። ወረቀቱ ላይ «ባይራድስ 4» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ቀጥሎ በቀጭን መርፌ ናሙና ተወሰደ፤ ከሳምንት በኋላ «የካንሰር ሕዋስ አልታየም» የሚል መልስ መጣ። ፈጣሪዬን አመስግኜ ወደ ቤቴ ልመለስ ስል ሐኪሟ «ሌላ ናሙና በወፍራም መርፌ መወሰድ አለበት» አሉኝ። አንዱ ወረቀት ያስፈራኛል፣ ሌላው ያረጋጋኛል። የትኛውን ልመን? ጉዞውም ወጪውም ከብዶኛል።

መልስ፦ እኅቴ፣ ሐኪምዎ ያሉትን ይፈጽሙ፤ ሁለተኛው ናሙና መወሰድ አለበት። ይህን ስልዎት ካንሰር አለብዎት ማለቴ አይደለም። እስካሁን የተደረገልዎት ምርመራ ገና መልስ ላይ አልደረሰም ማለቴ ነው። ሁለት ወረቀቶች ሁለት ነገር መናገራቸው እርስዎን ግራ ያጋባዎታል፤ እኛን ሐኪሞቹን ግን ሥራው እንዳላለቀ ያስታውሰናል።

በጡት ላይ የወጣ እብጠት ምንነቱ የሚለየው በሦስት ነገሮች ነው፦ ሐኪሙ በእጁ ዳስሶ በሚያገኘው፣ ማሞግራፊው (የጡት ራጁ) ወይም አልትራሳውንዱ በሚያሳየው ምስል፣ እንዲሁም በመርፌ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ በሚታየው ናሙና። ሦስቱም አንድ ነገር ሲናገሩ የመሳሳት ዕድሉ እጅግ ያነሰ ነው። አንዱ ከሌሎቹ ሲያፈነግጥ ግን የሚያሰጋው መልስ፣ ሌላ የተሻለ ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ፣ እንደ ተከበረ ይቆያል። መርፌ የሚነግረን በውስጡ ስለ ገባው ጥቂት ሕዋስ ብቻ ነውና። ሽምብራ በሚያክል እብጠት ላይ መርፌው ጥቂት ሚሊሜትር ዘንበል ካለ የሚያወጣው በአጠገቡ ያለውን ጤነኛ ሥጋ ነው፤ ያን ጊዜ «አልታየም» የሚለው መልስ እውነት ሆኖ ሳለ ስለ እብጠቱ ምንም የሚናገረው የለም።

«ባይራድስ» ራዲዮሎጂስቶች ያዩትን ምስል በአንድ ቋንቋ እንዲጽፉ የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው መመደቢያ ነው። ዜሮ ከሆነ ምስሉ አልተሟላም፣ ተጨማሪ ይነሣ ማለት ነው፤ ብዙ ሴቶች «ዜሮ» ሲባሉ ነፃ የወጡ እየመሰላቸው ሳይመለሱ ስለሚቀሩ ይህቺን ቁጥር በተለይ ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። 1 እና 2 የሚያሰጋ ነገር የለም ይላሉ። 3 ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ100 ከ2 ያልበለጠ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር በኋላ ምስሉ እንዲደገም ይቀጠራል። 4 ከ2 በላይ ተነሥቶ እስከ 95 የሚደርስ ሰፊ ክልል ነው፤ ስለዚህም 4ኤ፣ 4ቢ እና 4ሲ ተብሎ ይከፋፈላል፤ 4ኤ ከ100 ከ10 አይበልጥም፣ 4ሲ ደግሞ ከ50 በላይ ነው። 5 ከ100 ውስጥ 95 እና ከዚያ በላይ ነው፤ 6 የሚጻፈው ካንሰርነቱ በናሙና አስቀድሞ ለተረጋገጠ ሰው ነው። የእርስዎ ወረቀት ላይ ከ4 ቀጥሎ ፊደል እንዳለ ይመልከቱ፤ ከሌለ ሐኪምዎን ይጠይቁ። የትኛውም ቢሆን ግን 4 የተባለ ሁሉ ናሙና ሊወሰድለት ይገባል፤ የተወሰደውም ናሙና እብጠቱን በትክክል የሚወክል መሆን አለበት።

ስለ ናሙናው መልስ አንድ ነገር ላክል። የቀጭን መርፌ መልስ በዛሬው አሠራር ከአምስት በአንዱ ይመደባል፦ በቂ ያልሆነ፣ ጉዳት የሌለው፣ ያልተለመደ፣ አጠራጣሪ፣ ካንሰር። «በቂ ያልሆነ» ማለት ምርመራው እንዳልተደረገ ይቆጠራል። «ጉዳት የሌለው» የሚል መልስ ደግሞ በእኔ እምነት ሙሉ የሚሆነው እብጠቱን በስሙ ሲጠራው ነው፤ ፋይብሮአዴኖማ (ካንሰር ያልሆነ ጠጣር እብጠት) ነው፣ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ነው፣ መግል የያዘ ቁስለት ነው፣ አልፎ አልፎም የጡት ቲቢ ነው ሲል። «የካንሰር ሕዋስ አልታየም» ብሎ የሚያቆም ወረቀት ያ በእጅዎ የሚዳሰሰው ጠጣር ነገር ታዲያ ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ ነው የተወው። እርስዎም ሐኪምዎን መጠየቅ ያለብዎት ይህንኑ ነው።

ወፍራሙ መርፌ አካባቢው ደንዝዞ የሚወሰድ ሲሆን እንደ ክር የቀጠነ የሥጋ ቁራጭ ያወጣል። በዚህ ቁራጭ ላይ ካንሰር ቢገኝ እንኳ ዘልቆ የገባ ይሁን ወይም በወተት ቧንቧው ውስጥ የተወሰነ ይሁን ይለያል፤ ለሆርሞን መድኃኒት ይመለስ እንደሆነም ይመረመራል። ቀጭኑ መርፌ እነዚህን ሁሉ በአስተማማኝነት ሊሰጥ አይችልም። በአገራችን ብዙ ጊዜ ናሙናውን ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው ታማሚው ወይም አስታማሚው ስለሆነ፣ የናሙናው ዕቃ ውስጥ ፎርማሊን የተባለው ፈሳሽ መኖሩን፣ ስምዎና የጡቱ ወገን፣ ግራ ወይም ቀኝ፣ በትክክል መጻፉን ከክፍሉ ሳይወጡ ያረጋግጡ። ናሙናው ሳይዘገይ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። በደረቅ ዕቃ ወይም በውኃ የተቀመጠ ናሙና ይበላሻል፤ እንዲህ ሆኖ የመጣ ናሙና በደረሰኝ ቁጥር አዝናለሁ፣ ለዚያች ሴት ሌላ መርፌና ሌላ ጉዞ ማለት ነውና።

ጉዞውን በተመለከተ የምስል ወረቀቱንና ፊልሙን ይዘው በሚቀርብዎት ሪፈራል ሆስፒታል ይህ ናሙና ይወሰድ እንደሆነ አስቀድመው በስልክ ያጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመረው የጡት ካንሰር ዘመቻ ታማሚዋ መጀመሪያ ለሐኪም ከታየችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ የምርመራው መልስ እንዲታወቅ ግብ አስቀምጧል። እርስዎም ቀኑን ይቁጠሩ፤ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ የምማረው ባሕር ዳር ነው። በጡቴ ውስጥ ስነካው የሚሸሽ፣ የማያም ድቡልቡል ነገር አለ። አልትራሳውንድ ተነሥቼ «ፋይብሮአዴኖማ» ተብያለሁ። አንዱ ሐኪም ይውጣ ሲል ሌላው ይቀመጥ አለ። ማሞግራፊስ ልነሣ?

መልስ፦ ልጄ፣ በአንቺ ዕድሜ ከሚወጡት የጡት እብጠቶች በብዛት የሚታየው ይኸው ነው፤ የሚሸሽ መሆኑም የባሕርዩ ነው። የእጅ ምርመራው፣ አልትራሳውንዱና የመርፌው መልስ ከተስማሙና መጠኑ ካልጨመረ ሳይወጣ በቀጠሮ መከታተል ይቻላል። ከሦስት ሴንቲሜትር ካለፈ፣ በወራት ውስጥ ካደገ ወይም ሐሳብ ሆኖ እንቅልፍ ከነሣሽ ማስወጣቱ ተገቢ ነው። ማሞግራፊ በወጣት ሴት ጥቅጥቅ ያለ ጡት ላይ ብዙም ስለማያሳይ አያስፈልግሽም። ይቀመጥ ካሉሽ ግን ቀጣዩን አልትራሳውንድ የምትነሺበትን ወር አስጽፈሽ ውጪ።

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ሰሜን ሸዋ ገጠር ውስጥ ነው። ቀኝ ጡቷ ላይ ከዓመት በላይ የሆነው እብጠት አለ። አሁን ቆዳው ጎድጉዷል፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ገብቷል። ጤና ጣቢያው ሪፈር ጻፈላት፤ እሷ ግን «ብረት ከነካው ይዛመታል፤ ጎረቤታችን ተቀድዳ በስድስት ወሯ ሞተች» ብላ ጸበል ገብታለች። እኔ አዲስ አበባ በሥራ ላይ ነኝ። እንዴት ላሳምናት? ካንሰር ነው ከተባለስ ልንነግራት ይገባል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጻፏቸው ምልክቶች፣ የቆዳው መጎድጎድና የጡት ጫፉ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከሌላው ሁሉ አስቀድመን የምንጠይቃቸው ስለሆኑ እናትዎ በዚህ ወር ሊታዩ ይገባል።

«ብረት ከነካው ይዛመታል» የሚለውን ፍርሃት በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፤ ንቄውም አላውቅም፣ ምክንያቱም የመጣው ሰዎች በዓይናቸው ካዩት ነገር ነው። ጎረቤታችሁ ተቀድደው በስድስት ወር አረፉ። ነገር ግን ቤተሰቡ ያየው ቢላውን ነው፤ ከቢላው በፊት በዝምታ ያለፈውን አንድና ሁለት ዓመት ማንም አላየውም። በኢትዮጵያ አብዛኞቹ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ አጥንት የሄደው ቀዶ ሕክምናው ሳይጀመር ነበር። ናሙና የሚወሰድበት መርፌም ቢሆን የታማሚዎችን ዕድሜ እንደማያሳጥር በብዙ ሴቶች ላይ በተደረገ ክትትል ታይቷል። እናትዎን ሲያነጋግሩ «ጎረቤታችን የሞቱት ስለተቀደዱ አይደለም» ብለው ከሚከራከሩ «እሳቸው የሄዱት መቼ ነበር? ከስንት ጊዜ በኋላ?» ብለው ይጠይቋቸው። መልሱን ራሳቸው ይደርሱበታል።

ደግሞም የዚህ ደረጃ በሽታ ሕክምና ብዙ ጊዜ በቢላ አይጀመርም። እብጠቱ ሰፊ ከሆነ መጀመሪያ በኬሞ መድኃኒት እንዲቀንስ ይደረግና ቀዶ ሕክምናው ቀጥሎ ይመጣል፤ እንደ ሁኔታው የጨረር ሕክምና ይከተላል። በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚገኙት የጡት ካንሰሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሆርሞን የሚመገቡ ስለሆኑ፣ ናሙናው ይህን ካሳየ፣ በቀን አንድ ጊዜ በቤት የሚዋጥ ኪኒን ለአምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይሰጣል። ይህን አስቀድሞ መስማት ለሚፈሩ እናት ትልቅ ነገር ነው፤ «ሆስፒታል» ሲባሉ የሚታያቸው አንድ ቢላ ብቻ ሆኖ ሊሆን ይችላልና።

ስለ ጸበሉ፣ እባክዎ በእምነታቸውና በሕክምናው መካከል ምርጫ አያስቀምጡባቸው። ጸበላቸውን እየጠጡ መርፌውንም ኬሞውንም የጨረሱ እናቶች በክሊኒኬ አሉ። የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ፤ «ሐኪምንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው» ብለው ሲመክሯቸው ከእኔም ከእርስዎም ቃል በላይ ይሰማል። አጥብቄ የምከለክለው አንድ ነገር ቢኖር በጡቱ ላይ የሚያቃጥል ቅጠል ማሰርንና በጋለ ብረት መተኮስን ነው፤ ቁስሉ እብጠቱን ሸፍኖ ምርመራውን ያስቸግራል፣ ሕክምናውንም ያዘገያል።

ይነገራቸው ወይስ ይደበቅ? እኔ ይነገራቸው እላለሁ፤ በዚህ ላይ ከብዙ ቤተሰብ ጋር እንደማልስማማ አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል ልጆቻቸው «ቁስል ነው» ብለው የደበቋቸውን እናት አስታውሳለሁ። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ፣ ቁስሉ ደረቀ፤ እሳቸውም ድነናል ብለው ለአዝመራ ወደ አገራቸው ገቡ። ቀሪውን ሕክምና ለምን እንደሚወስዱ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ አልተመለሱም፤ እኛም የልጆቹን ቃል ሰምተን ዝም በማለታችን አጥፍተናል። ተመልሰው የመጡት አጥንታቸውን ሲያማቸው ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ በተረጋጋ ስፍራ፣ እርስዎ እጃቸውን ይዘው በተቀመጡበት፣ በሚገባቸው ቃል ይንገራቸው። ሰው ስለሚያውቀው ነገር ይጸልያል፣ ስለሚያውቀውም ይታገሣል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆኑ የጤና ጣቢያውን ሪፈር ሳይዙ አይምጡ፤ ተራውን ዘለው ከመጡ ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። እርስዎም ከመሥሪያ ቤትዎ ፈቃድ ሲጠይቁ ለአንድ ቀን አይጠይቁ። ካርድ፣ ምስል፣ ናሙና፣ የናሙና መልስ፣ ከዚያም የሕክምና ዕቅድ አለ፤ አስታማሚ ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ሲጠፋ እናትየውም አብረው ይጠፋሉ።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ፤ ዕድሜዬ 43 ነው። ምንም ሕመም ሳይኖረኝ የመጀመሪያዬን ማሞግራም ተነሣሁ። ከዚያ የጡቴ ሥጋ «ጥቅጥቅ ያለ» እንደሆነና ለተጨማሪ ምስል እንድመለስ የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። ሆዴን ባር ባር ብሎታል። ጨረሩ ሲደጋገምስ አይጎዳኝም?

መልስ፦ እኅቴ፣ የእርስዎ ነገር ከላይ ከተጻፉት ይለያል። መምህርቷ የተመረመሩት እብጠት ዳስሰው ነው፤ እርስዎ ግን ምንም ሳይኖርዎት የቅድመ ልየታ ምርመራ ነው ያደረጉት። በኢትዮጵያ ሴቶችን ሁሉ በየጊዜው ለማሞግራፊ የሚጠራ አገር አቀፍ ሥርዓት የለም፤ እርስዎ ባሉበት አገር ግን ከ40 እስከ 74 ዓመት ያሉ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ እንዲነሡ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የመከላከያ ሕክምና ምክር ይላል።

ተመለሽ መባል የተለመደ ነው። በአሜሪካ ማሞግራም ከሚነሡ 1000 ሴቶች ውስጥ 100 ያህሉ ለተጨማሪ ምስል ይጠራሉ። ከእነዚህ 100 ውስጥ 60 ያህሉ ደኅና ናችሁ ተብለው ይሸኛሉ፣ 20 ያህሉ ከ6 ወር በኋላ እንዲታዩ ይቀጠራሉ፣ 19 ያህሉ ናሙና እንዲሰጡ ይነገራቸዋል፤ በመጨረሻ ካንሰር የሚገኝባቸው 5 ያህል ናቸው። በመጀመሪያ ማሞግራም ደግሞ የሚመሳከር የቀድሞ ምስል ስለሌለ የሚጠሩት ቁጥር ከፍ ይላል። እነዚህን ቁጥሮች የምነግርዎት እንዲረጋጉና እንዲሄዱ ነው፤ ከ100 አምስቱ የሚገኙት በሄዱት መካከል ነውና «ብዙውን ጊዜ ምንም የለም» ብለው እንዳይቀሩ አደራ።

ጥቅጥቅ ያለ ጡት በሽታ አይደለም። ከ40 ዓመት በላይ ካሉ ሴቶች ግማሽ ያህሉ እንዲህ ያለ ጡት አላቸው፤ ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ያሉ የማሞግራፊ ማዕከላት ይህን ለእያንዳንዷ ሴት በጽሑፍ እንዲያሳውቁ በሕግ ታዘዋል። ጥቅጥቅ ያለው ሥጋ በምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ እብጠትም ነጭ ስለሆነ በጉም ውስጥ ነጭ በግ እንደመፈለግ ነው። በካንሰር የመያዝን ዕድልም በመጠኑ ከፍ ያደርገዋል። አልትራሳውንድ ቢጨመር ይጠቅም እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። የአንድ ማሞግራም ጨረር በሰባት ሳምንት ውስጥ ከአካባቢያችን በተፈጥሮ ከምናገኘው ጋር የሚቀራረብ ነውና ስለ መደጋገሙ አይስጉ።

ሁለት ተግባራዊ ነገሮች ልንገርዎት። ለልየታ የሚነሡት ማሞግራም በአብዛኛው የጤና መድኅን ክፍያ የማይጠየቅበት ሲሆን ተጨማሪ ምስሉንም መድኅንዎ ሙሉ በሙሉ ይሸፍን እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ መድኅን የሌላቸውና ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሴቶች ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም የሚመረመሩበት መንገድ በየስቴቱ አለ። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ እንዲቀርብልዎት የመጠየቅ መብት አለዎት። በተለይ ለልጆችዎ ይህን ሸክም አይስጧቸው፤ የ12 ዓመት ልጅ የእናቱን የናሙና መልስ ሲተረጉም ቢሳሳት የሚጎዱት ሁለቱም ናቸው።

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት ወንድ ነኝ፤ ሐዋሳ ሾፌር ሆኜ ኖሬያለሁ። ከጡቴ ጫፍ ሥር እብጠት አለ። የሴቶች ክሊኒክ መሄድ አፈርኩ። ወንድን ይይዛል?

መልስ፦ ይይዛል፤ ከጡት ካንሰር ታማሚዎች መካከል ከ100 አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ያህሉ ወንዶች ናቸው። በወንዶች የጡት ጫፍ ሥር የሚወጣው እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ በዕድሜ፣ በጉበት ሕመም ወይም በሚወስዱት መድኃኒት ምክንያት የጡት ሥጋ ማደግ ይሆናል። በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ ጠጣር ከሆነ ወይም ከጫፉ ደም ከወጣ ግን ሳይዘገዩ ይታዩ። የሴቶች ክሊኒክ መግባት ካሳፈረዎት ወደ ቀዶ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ይሂዱ፤ እዚያም የሚደረግልዎት ያው የእጅ ምርመራ፣ ምስልና ናሙና ነው። ለደም ግፊት፣ ለጨጓራ ወይም ለሌላ ሕመም የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ስሙን በቃልዎ ከሚናገሩ ማሸጊያውን እንዳለ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።